የፈረንሳዊው የግራ እጅ ጓንት

ጓንቷን አትንኪያት እህቴ። ማየት ትችያለሽ፤ ጠጋ ብለሽ ማሽተትም ትችያለሽ፤ መንካት ግን የለም። ቁጣ እንዳይመስልሽ፣ ተፈጥሮዬ ነው። እዚህ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ገና ከባሕር ዳር ሳንወጣ ስለ እሷ ይጠይቀኛል። ባለፈው አንዱ «ስፖኪዮው ላይ ለቡዳ ነው ያንጠለጠልሻት?» ብሎኝ እስከ ጎንደር አላናገርኩትም። የግራ እጅ ጓንት ናት፤ አሮጌ ቆዳ። መዳፏ ከመሪ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ሳስቷል፤ የአውራ ጣቷም ስፌት ተተርትሯል። እንዲህ ረፋድ ላይ ፀሐይ በፊት መስታወቱ ገብታ ስታሞቃት ቆዳ ቆዳ፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ሚኒባስ የምነዳ የሁለት ልጆች እናት መሆኔ ይጠፋኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ነሐሴ ነው፤ ቁሐር ሚካኤል ውሃ ለብሷል፤ እናቴም ደጃፍ ላይ እጇን አጣምራ ታየኛለች።

የምትወርጂው ወረታ አይደል? ለወሬያችን ይበቃናል።

እኔ የቁሐር ልጅ ነኝ። አባቴን መኪና ነው የገደለው። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከወረታ ገበያ ሲመለስ፣ እዚሁ የምንሄድበት አስፋልት ላይ። ከዚያ ወዲህ እናቴ የመኪና ድምፅ ስትሰማ ከመንገድ ወርዳ፣ የሰው እርሻ ውስጥ ገብታ፣ እስኪያልፍ ትቆም ነበር። ታዲያ የእሷ ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ «ሾፌር ነው የምሆነው» ስትላት ምን እንደተሰማት አስቢው። እኔ ግን መኪና የምፈራው ውጭ ሆኜ ሳየው ነበር። መሪውን የያዝኩት እኔ ከሆንኩ ማንም ሰው አይሞትም ብዬ አምን ነበር። የልጅ ነገር ነው፤ ግን እውነቱን ልንገርሽና አሁንም ከዚያ ብዙ አልራቅሁም።

የንስሐ አባታችን ለምነውልኝ እናቴ አንድ ጊዜ እንድፈተን ፈቀደች። ወረታ ማሰልጠኛ ገባሁ፤ የጽሑፉን አለፍኩ፤ ለመንዳቱ ፈተና ሚያዝያ ላይ ቀን ተቆረጠልኝ። ፈታኙ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ሁሉ ነገር ሰምሮልኝ እየነዳሁ ሳለ የንስሐ አባታችን መንገድ ዳር ቆመው አየሁ። ሊጸልዩልኝ ከቁሐር ድረስ በእግራቸው መጥተው ኖሯል፤ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ምን ላድርግ፣ የንስሐ አባቴን በመኪና ላልፋቸው ነው? አቆምኩ፤ በር ከፍቼ ወረድኩና መስቀል ተሳለምኩ። የእጅ ፍሬን መያዝ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ቀና ስል መኪናዋ ፈታኙን እንደያዘች ቀስ እያለች ወደ ቲማቲም ሻጮቹ ትሄዳለች። ሰውዬው ዘሎ ፍሬኑን ባይረግጥ ኖሮ የዚያን ቀን ወረታ ሁሉ ድልህ በድልህ ነበር።

«በየትኛው ደንብ ነው ለመሳለም ከመኪና የሚወረደው?» አለኝ ላቡን እየጠረገ። ጣለኝ።

እናቴ አልተቆጣችም፤ እሷ ካልተቆጣች ደግሞ ነው የሚያስፈራው። «አንድ ጊዜ ልጨምርልሽ» አለችኝ። «ይህም ካልሆነ ግን መስከረም ሲጠባ ሐሙሲት አክስትሽ ዘንድ ገብተሽ ስፌት ትማሪያለሽ። ሁለተኛ የመኪና ነገር ከአፍሽ እንዳልሰማ።» እኔ እኮ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አጣምሜ ነው የምተክለው። ደግሞም እናቴ ቃሏ ቃል ነበር። ነይ ካለች ነይ ነው፤ ቅሪ ካለች ቅሪ ነው።

እንዲህ ተኮራምቼ ሳለሁ ነው ግንቦት ላይ ፈረንሳዊው የመጣው። ለራሱ ጉዳይ አልነበረም። ሴት ልጁ የወፍ ተመራማሪ ነበረች፤ ክረምት ላይ ሜዳችን ውሃ ሲይዝ የሚራቡትን፣ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ጉትዬ ያላቸውን ረጃጅም ወፎች ልታጠና ነው የመጣችው። እሱ የእሷ ሾፌር ነው። እናቴ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን የቆርቆሮ ቤት ሰጠቻቸው። ሰውዬው ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ ደረተ ሰፊ፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የማይታጠፉ። እናቴ አንቱ ትለው ነበር፤ እኔን ግን አንቱታውን ራሱ ነው ያስተወኝ።

አንድ ቀን ልጁ፣ አማርኛ ትሞካክር ነበርና፣ «አባቴ እኮ የውድድር መኪና ነጂ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት» አለችን። እናቴ ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳርፋ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ማንን ሊቀድም?» አለች።

«ሁሉንም።»

«ከቀደመ በኋላስ የት ይደርሳል?»

ልጅቱ ሳቀች። «የትም። ዞረው ዞረው ወደ ተነሱበት ይመለሳሉ።»

«እህ» አለች እናቴ ወደ ሩዟ እየተመለሰች፤ «እኔ ደግሞ የሚደርሱበት ያለ መስሎኝ።»

ይህ ሲተረጎምለት ፈረንሳዊው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቴ ጋር፣ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ ወዳጅ ሆኑ።

ወንድሜ፣ ሐሙሲት ወራጅ ካለ ከአሁኑ ንገረኝ። ... የለም? በል ዝጋው። ይቅርታ እህቴ፣ ረዳቴ ዛሬ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው።

ልጁ ወፎቿን ስትጠብቅ እሱ ግቢያችን ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሕይወቱን ይነግረኝ ነበር። በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬና በእጁ ነበር የምንግባባው። የሩዝ አገዳ ያነሳና አፈሩ ላይ የውድድር መንገድ ይሥላል፤ ዶሮዎቻችን በላዩ እየሄዱ ያበላሹበታል፤ እሱ ደግሞ ይሥላል። አባቱ የትራክተር ጠጋኝ ነበር አሉ። ስምንት ዓመቱ ላይ ከሣር ማጨጃ ሞተር የተሠራች ትንሽ መኪና ይነዳ ጀመር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ እኔን አየት አድርጎ፣ «ልክ እንዳንቺ» አለኝ፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። ዝናብ ነበር። ዝናብ ሲጥል ሌላው ሁሉ ፍሬን ይረግጣል፤ እሱ ቀን ወጣልኝ ይላል። በአገሩ ጋዜጣ ስሙ የሚጠራው ከዝናብ ጋር ነበር። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚነዳ ውድድር አለ፤ ሦስት ሰዎች እየተቀያየሩ። እሱን አንድ ጊዜ አሸንፏል፣ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። ያሸነፈበትን ሲነግረኝ ተነስቶ ቆመ። የወይን ጠርሙስ ነቅንቀው ሕዝቡን እንዴት እንደሚረጩት በባዶ እጁ ሲያሳየኝ እናቴ ከማጀት ብቅ ብላ «ምን ነካቸው እኚህ ሰውዬ?» አለች።

መንዳትም አስተማረኝ። ሜዳው ገና ደረቅ ነበር፤ ጀሪካኖች ደርድሮ በመሃላቸው ያስነዳኛል፤ ወደ ኋላ ያስኬደኛል፤ ስሳሳት ዝም ብሎ ያፏጫል። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረው፤ የውስጡን ስፖኪዮ በጨርቅ ይሸፍንብኛል። «ስፖኪዮ ማየት የተሸናፊ ነው» ይለኛል። «ከኋላ ያለው ሰው የራሱ ጉዳይ ነው። አንቺ ፊትሽን እዪ።» ለፈተና ስፖኪዮ ማየት ግድ ነው ብለው አይሰማኝም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሮ፣ አንዲት የቁሐር ልጅ ልትመልሰው?

ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሜዳው ላይ ያዘን። እሱ ነበር የሚነዳው። ጠብታው መስታወቱን ሲመታው መኪናዋን አቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ተቀመጥን። ከዚያ ነገረኝ። በመጨረሻው ውድድሩ ሊያሸንፍ ሦስት ዙር ቀርቶት ነበር፤ አንደኛ ሆኖ ይመራል፤ ይዘንባል። ከፊቱ ማንም የለም። «በዝናብ የሚመራ ሰው የሚከተለው ዱካ የለውም» አለኝ። ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ ጎማው መሬት ለቀቀ፤ መኪናዋ ተነስታ ግንብ መታች። የቀኝ እጁን ጓንት ሐኪሞቹ በመቀስ ቀድደው ነው ያወጡት፤ የግራው ብቻ ቀረለት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዝናብ ነድቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ሰው በዝናብ የሚያውቀው ሰውዬ ደመና ሲያይ ቁልፉን ለልጁ የሚሰጥ ሆነ።

ይኸው ጉማራ ድልድይ። በጋ ላይ እንዲህ የዋህ ይመስላል፤ ክረምት መጥተሽ እዪው።

ሁለተኛው ፈተናዬ ነሐሴ ላይ ሆነ። የማሰልጠኛው መኪና ተበላሽታ «መኪና ይዞ የመጣ ይፈተናል፤ ያልያዘ እስከ ጥቅምት ይጠብቅ» ተባለ። ለእኔ ጥቅምት ማለት ሐሙሲት፣ የስፌት መኪና አጠገብ ማለት ነው። ፈረንሳዊው «የኔ መኪና አለች» አለ። ተደሰትን። ከዚያ በፈተናው ዋዜማ የጉማራ ወንዝ ሞላ።

ጠዋት ስነሳ ከደጃችን እስከ አስፋልቱ ውሃ ነው። ዝናቡ አቁሟል፤ ሰማዩ ግን ዝቅ ብሎ የጠገበ ነው። እንቁራሪት ይጮሃል፤ አየሩ ጭቃና የበሰበሰ ገለባ ይሸታል። የእኛ መንገድ ከመሬት ከፍ ብሎ ጠጠር የለበሰ ነው፤ ግራና ቀኙ ሰው የሚያሰጥም ቦይ ነው፤ አሁን ግን ሁሉም አንድ ሆኖ ይብለጨለጫል። ልጁ ባሕር ዳር ሄዳለች። ፈረንሳዊው ቁልፉን ይዞ ከመኪናው አጠገብ ቆመ፤ ውሃውን አየ፤ ከንፈሩ ነጣ። ቁልፉን ዘረጋልኝ። «አንቺ» አለኝ። ዞሮ የጎኑን በር ከፈተ።

ገባሁ። ሞተሩን አስነሳሁ። መንገዱ ግን የት ነው? ቦዩስ የት ነው? መሪው ላይ ራሴን ደፍቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ውሃውን ፈርቼ አይደለም፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ እጇን አጣምራ ታየኛለች። መቼም ደስ ብሏታል ብዬ ጠላኋት፤ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ በዚያች ደቂቃ ጠልቻታለሁ።

ቀና ስል ደጃፉ ላይ የለችም። ከበረት ደማምን ፈትታ መጣች።

ደማም ላማችን ናት፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር። ሜዳው ውሃ ሲለብስ የእኛ አገር ሰው መንገድ የሚያገኘው በላም ነው። ዘወትር የምትመላለስበትን መሬት በእግሯ ታውቀዋለች፤ ጠጠሩን ስትስትና ጭቃው ሲይዛት ወዲያው ትመለሳለች። ሰው ጅራቷን ይዞ ይከተላል። ደማም ደግሞ በዚህ ሥራ ስም ያላት ነበረች፤ ጎረቤት ሁሉ ክረምት ክረምት ይዋሰን ነበር። መኪና መርታ ግን አታውቅም።

እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣለች። የመኪናውን መስታወት በጣቷ አንኳኳች። «ተነሽ፣ ልቅሶው ይቆይሽ። ከኋላዬ ቀስ ብለሽ ነይ። ደማም ስትቆም ቁሚ።»

«አንቺ ከፊቴ ልትሄጂ ነው እማዬ?»

«ከኋላ ሆና መንገድ የምታሳይ ላም የት አይተሻል?»

ገባች ውሃው ውስጥ። የደማምን ጅራት ይዛ፣ ጀርባዋን ለመኪናዬ ሰጥታ። አስቢው እህቴ፤ መኪና ሲመጣ እርሻ ውስጥ የምትገባ ሴት ናት። ከጀርባዋ ያለው ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሌላት፣ ፈታኝ ይዛ ቲማቲም ላይ ልትወጣ የነበረች ልጇ ናት። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም። እስከ ዛሬ የማልረሳው እሱን ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ።

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ውሃው በበሩ ሥር ሰርጎ እግሬን ነካኝ። ፈረንሳዊው ከጎኔ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዟል፤ አፉ ግን ማስተማሩን አልተወም። «ነዳጁን አትልቀቂ። ቀስ በይ፣ ግን አትልቀቂ። ከለቀቅሽ በጭስ ማውጫው ውሃ ይገባል።» እሱ ስለ ሞተሩ ይነግረኛል፤ ደማም ስለ መሬቱ። እኔ ሁለቱን እሰማለሁ። መሃል ላይ ስንደርስ ደማም ቆመች። ቆምኩ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ሞተሩን እያጮህኩ። ውሃውን አሸተተች፤ ከዚያ ወደ ግራ ታጠፈች። እኔ ብሆን ቀጥ ብዬ እሄድ ነበር፤ ቀጥ ብሎ የነበረው ቦዩ ነው። እነዚያ ጉትዬ ያላቸው ወፎች ከሩዙ ውስጥ ተነስተው በላያችን አለፉ፤ እናቴ ደማምን «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ትላታለች፤ እኔም ለኔ የተባለ አድርጌ ወሰድኩት።

ፈረንሳዊው መሳቅ ጀመረ። ፊቱ በእንባ ርሷል። «ዕድሜዬን ሙሉ ፊቴ ያለውን ልቀድም ስሮጥ ኖርኩ» አለኝ። «ዛሬ ገና ባለመቅደሜ ደስ አለኝ።»

ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። እናቴ ላሟን ይዛ ጥግ ያዘች። እስከ ጭኗ ርሳለች። «ግቢ እማዬ፣ አብረን እንሂድ» አልኳት። «ላሟንስ ማን ሊነዳት? ሂጂ፣ ሰዓት ይሄድብሻል» አለችኝ። ተነሳሁ። ጥቂት እንደሄድኩ እጄን ሰድጄ ስፖኪዮው ላይ የታሰረውን ጨርቅ ፈታሁት። ፈረንሳዊው ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። እናቴ አንድ እጇን የደማም ሻኛ ላይ አድርጋ፣ መኪናውን ትክ ብላ ታየዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ሲሄድ እርሻ ውስጥ ሳትገባ ቆማ አየች።

ወረታ ያ ፈታኝ እኔን ሲያይ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ነው ያየው። ነዳሁለት። ስፖኪዮዬን አየሁ፣ ምልክት አሳየሁ፣ ወደ ኋላ አስገባሁ። ከቲማቲም ሻጮቹ አጠገብ ስደርስ ማንን አየሁ መሰለሽ? የንስሐ አባታችን። «በኔ ጦስ ወደቀች» ብለው አዝነው ወረታ አድረዋል፤ አሁን ደግሞ እንዳያሳስቱኝ መስቀላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው፣ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ቆመዋል። ጥርሴን ነክሼ ላልፍ ስል ፈታኙ «አቁሚ» አለኝ። መስታወቱን አወረደ። «አባ፣ ይባርኩኝ» አለ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ቀስ ብለው መጡ፤ እሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተሳለመ። እኔ የእጅ ፍሬኑን ይዤ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ አየሁት። «አሁን ደንቡ ገባሽ» አለኝ።

አለፍኩ።

ፈረንሳዊው የት ሄዶ እንዳመጣት አላውቅም፣ አንዲት ለስላሳ ጠርሙስ ነቅንቆ እዚያው መንገድ ላይ ረጨኝ። ሻጮቹ «እብድ ነው እንዴ ይህ ፈረንጅ፣ የሚጠጣ ነገር እኮ ነው» ይላሉ፤ የንስሐ አባታችን ጢማቸው ላይ የደረሰውን እየጠረጉ ይስቃሉ። ፀጉሬ ሁሉ ተጣብቆ፣ ዝንብ እየተከተለኝ፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ማካፋት ጀመረ። አቆምኩና አየሁት። ቁልፉን ለመነኝ። በዝናብ፣ ከወረታ እስከ ቁሐር መገንጠያ፣ እሱ ነዳ። አቤት አነዳድ። መኪናዋ ራሷ ያወቀችው መሰለኝ። ስንደርስ ከመቀመጫው ሥር ካለ ሣጥን ይህችን ጓንት አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት።

እናቴ አስፋልቱ ዳር ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልሄደችም፤ ደማምን መንገድ ዳር እያጋጠች ውላለች። ከመኪናው ስወርድ ፊቴን አይታ ማለፌን አወቀች።

«ማንን ቀደምሽ?» አለችኝ።

«ማንንም።»

«ጎበዝ» አለችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ምራቋን እንትፍ ብላ ጉንጬ ላይ የደረቀውን ለስላሳ ጠረገችልኝ።

ፈረንሳዊው አገሩ ገብቷል። ልጁ አንዳንዴ መልእክት ትልክልኛለች፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር መኪናውን አውጥቶ ይዞራል አሉ፤ ጎረቤቶቹም አብዷል እያሉ ያሙታል። እናቴም በኋላ በኋላ ከኔ ጋር መሳፈር ጀመረች። ጋቢና ግን አንድ ቀን አልተቀመጠችም። ቦታዋ ሁልጊዜ ከኔ ጀርባ ነበር፤ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወንበሬን ከኋላ ያዝ አድርጋ። ስፖኪዮውን ቀና ሳደርግ ዓይኗን አገኘዋለሁ። «ፊትሽን እዪ» ትለኛለች። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሩዝ አጨዳ፣ አረፈች።

ይኸው የቁሐር መገንጠያ። እዚህ ስደርስ ፍጥነት እቀንሳለሁ፤ ረዳቴ ስለለመደው ለምን አይለኝም። ፈረንሳዊው ካስተማረኝ ሁሉ ያልያዝኩለት አንዱን ብቻ ነው። ጓንቷን በጣቴ ገለል አድርጌ ስፖኪዮውን አንድ ጊዜ አያለሁ፤ ከዚያ ማርሽ ቀይሬ ወረታ እገባለሁ።